ለልጄ ሰባተኛ ክፍል ያየኋቸው ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች

ልጄ ስድስተኛ ክፍልን ስትጨርስ ከቤታችን በእግር የሚደረስባቸው ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከፊታችን ነበሩ። አንደኛውን ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛውን አራት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ፤ ሁለተኛውን ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። ዛሬ ልጄ በመረጥነው ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ጨርሳለች። ስለዚህ ሳላስመዘግባት የገመትኩትን ካስመዘገብኳት በኋላ ካየሁት ጋር ማስተያየት እችላለሁ። ስማቸውን አልጠቅስም። አንዱ አውራ ጎዳና ዳር ስላለ «የጎዳናው»፣ ሁለተኛው ልጄ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማረችበት ስለሆነ «የልጅነቷ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ከድልድዩ ማዶ ያለው» ይባሉልኝ።

ሙያዬ ነርስነት ነው። የማመዛዝንበት ዓይን ከዚያ ስለሚመጣ አስቀድሜ ልናገረው። የአንድን የሕሙማን ክፍል ጥራት ማወቅ ስፈልግ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አላነብም። የእጅ መታጠቢያው ዘንድ ሄጄ ሳሙና መኖሩን አያለሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕመምተኛ ሲጣራ ማን ብድግ እንደሚል አያለሁ። ትምህርት ቤቶቹንም የተመለከትኳቸው በዚሁ መንገድ ነው። ሁሉም ሰው ክፍል ውስጥ ስለሚሆነው ይጠይቃል፤ እኔ የፈለግኩት ልጄ በመጸዳጃ ቤት፣ በደጃፍ፣ በእረፍት ሰዓትና ከመጨረሻው ደወል በኋላ በማን ዓይን ሥር እንደምትሆን ማወቅ ነበር።

ጎረቤቶቼ በአንድ ድምፅ «እዚያ አስገቢያት» ያሉኝ የጎዳናውን ነው። የስምንተኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና አማካይ ውጤቱ ከሦስቱ ይበልጣል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በትሕትና ተቀበሉኝ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዓመታት ውጤት ሰንጠረዥም በኩራት አሳዩኝ። እኔም ሁለት ነገር ጠየቅኳቸው፦ እነዚህ ልጆች ሰባተኛ ክፍል ሲገቡ ውጤታቸው ስንት ነበር? ሰባተኛን ከጀመሩት ውስጥስ ስምንተኛን እዚሁ የጨረሱት ስንቱ ናቸው? ለሁለቱም መልስ አልነበራቸውም። «ይህንን የሚጠይቅ ወላጅ ገጥሞን አያውቅም» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ከሥራዬ የመጣ ነው። ከባድ ሕሙማንን የሚቀበል ሆስፒታል የሚሞትበት ሰው ቁጥር ቀላል ሕመም ብቻ ከሚቀበለው ይበልጣል፤ ሐኪሞቹ ግን ከሌሎቹ የላቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ጎበዝ ልጆች ተቀብሎ ጎበዝ ልጆች የሚያወጣ ትምህርት ቤት ምን እንደጨመረላቸው ከአማካይ ውጤቱ ብቻ ማወቅ አይቻልም። የደከሙትን በየዓመቱ ወደ ሌላ የሚሸኝ ከሆነ ደግሞ አማካዩ ያለ ምንም ማስተማር ከፍ ይላል። የጎዳናው እንዲህ ያደርጋል አልልም። ሰንጠረዡ ግን ይህንን አይነግረኝም፤ ስለዚህ አልተደገፍኩበትም።

ከቢሮ ወጥተን አንድ ባዶ የሰባተኛ ክፍል ይዩ ብለው አስገቡኝ። መስኮቱ በጎዳናው በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የድምፅ መመሪያ፣ በትምህርት ሰዓት ከውጭ ወደ ክፍል የሚገባ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። በስልኬ ብለካው ከ60 በላይ አሳየኝ። የስልክ መለኪያ እንደ ባለሙያ መሣሪያ እንደማይታመን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከሁለት እርምጃ ርቀት ሲያናግሩኝ «ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?» እያልኩ ነበር። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ልጅ «ይቅርታ» ማለቱን በሦስተኛው ቀን ትተወዋለች። መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ ሃምሳ ስምንት ልጆች በአንድ አየር መተንፈስ አለባቸው።

ከዚያ መጸዳጃ ቤቱን ማየት እንደምፈልግ ተናገርኩ። ጥያቄው አላስደሰታቸውም፤ አልከለከሉኝም ግን። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያስቀመጠው መለኪያ ለ25 ሴቶች ልጆች አንድ መጸዳጃ፣ ለ50 ወንዶች ደግሞ አንድ መጸዳጃና አንድ መሽኛ ነው። በዚያ ፈረቃ 640 ያህል ሴት ተማሪዎች እንዳሉ ተነግሮኛል። የሚሠሩትን በሮች ቆጠርኩ፦ ዘጠኝ። ለሰባ አንድ ልጅ አንድ መሆኑ ነው። የአሥራ አምስት ደቂቃ እረፍት ለዚህ ወረፋ እንደማይበቃ ማስላት አያስፈልግም። ልጆች የሚያደርጉትን እኔ አውቃለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አይጠጡም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዘው የሚመጡትን ልጃገረዶች «ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ትሄጃለሽ?» ብዬ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ ቀና ብለው አያዩኝም።

ሁለተኛው ጉብኝቴ የሌሊት ተራዬን ጨርሼ በጠዋት ነበር። ደወሉ ከተደወለ በኋላ በሩ ተዘጋ። ያረፈዱ አሥራ ሁለት ልጆች አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ጭነት መኪናዎች በሚያልፉበት ጎዳና ዳር ቆመው ቀሩ። የዘገየ ልጅ እንዲማርበት ነው ይባላል። እኔ ያየሁት ግን ትምህርቱንም ያጡ፣ ጥበቃውንም ያጡ አሥራ ሁለት ልጆችን ነው፤ ያን ዕለት ውሳኔዬ ግማሹን አለቀ።

ግማሹን ደግሞ የጨረሰው ሰዓቱ ነው። የጎዳናው በፈረቃ ያስተምራል፤ ሰባተኛ ክፍሎች የጠዋት ፈረቃ ስለሆኑ ጠዋት 1 ሰዓት ከ20 ሰልፍ ላይ መገኘት አለባቸው። ልጄ 11 ሰዓት ተኩል መነሣት ይኖርባታል ማለት ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያሉት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባቸዋል። ዘጠኝ ሰዓት እንድትተኛ ከተፈለገ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኗ መከደን አለበት። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ይህ በቁጣም በልመናም አይሆንም፤ ጉርምስና ሲጀምር እንቅልፍ የሚያመጣው የሜላቶኒን ንጥረ ነገር የሚመነጭበት ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ይዘገያልና። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 መካከለኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይጀምሩ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። በጠዋት ፈረቃ የሚያንቀላፋን ልጅ ሰነፍ የሚል ሰው ስሰማ ያመኛል።

የጎዳናው መልካም ነገርም አለው፤ ልደብቀው አልፈልግም። ቤተ ሙከራው በእውነት የሚሠራ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተቃጠሉ ምልክቶች አሉ፣ የመስታወት ዕቃዎቹ ተጠቅመው የታጠቡ ናቸው። በዚህ ረገድ ከሦስቱ የሚወዳደረው የለም።

የልጅነቷ ትምህርት ቤት ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ያስተምራል፤ ባለችበት ብትቀጥል ምዝገባም አያስፈልጋትም ነበር። ለዚህ አማራጭ የሚቆም ጠንካራ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የኒው ዮርክ ከተማን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያጠኑ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ለመካከለኛ ደረጃ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ልጆች በጀመሩበት እስከ ስምንተኛ ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸሩ ውጤታቸው እንደሚቀንስ አግኝተዋል። ምክንያቱ ለእናት ግልጽ ነው። አካሏ በሚለወጥበት ዓመት ሕንፃውንም፣ ጓደኞቿንም፣ መምህሮቿንም አብረን ስንለውጥባት የምትይዘው ነገር አይቀራትም። በልጅነቷ ትምህርት ቤት ግን በር ላይ ያሉት አባት በስሟ ይጠሯታል፤ አንድ ቀን ያለ ሹራብ ብትመጣ «እናትሽ አላየችሽም?» ይሏታል።

ለዚህ ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ «እዚሁ ትቅር» እያልኩ ነበር። ከዚያ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍሎቹን በቅርብ ሳይ ሌላ ነገር ታየኝ። ትላልቆቹ ልጆች የትንንሾቹ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆነዋል። ሒሳብንም ሳይንስንም የሚያስተምረው አንድ መምህር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ያሉት መጻሕፍት የታናናሾቻቸው ናቸው። የመጸዳጃ ቤቱ በር ለሰባት ዓመት ልጅ ቁመት የተሠራ፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ የሌለው ነው።

ይህም ቢሆን ባልከለከለኝ። የከለከለኝ ልጄ አንድ ማታ መብራት ካጠፋሁ በኋላ የነገረችኝ ነው። «እማዬ፣ ሰባተኛም ከእነሱ ጋር ነው?» አለችኝ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አራት ልጆች በጥርሷ ምክንያት ባወጡላት ስም እንጂ በስሟ ተጠርታ አታውቅም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ለትምህርት ቤቱ አመልክቼ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «የልጆች ጨዋታ ነው» ተብዬ ተመለስኩ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኩዮቹ እንደተጠቃ ይገልጻል። ስለዚህ ይህ የማይደርስበት ትምህርት ቤት እፈልጋለሁ ብል ሕልም ነው። የምፈልገው ሲነገረው ብድግ የሚል ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ጓደኞች ያሉትና በስሙ የሚጠራለት ወላጅ ግን እኔ ስለተውኩት ብሎ የልጅነቷን ትምህርት ቤት እንዳይተወው፤ ለእንደዚህ ያለ ልጅ ከሦስቱ የሚሻለው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከድልድዩ ማዶ ያለውን «የአስቸጋሪ ልጆች ትምህርት ቤት ነው» ይሉታል። ውጤቱ ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው። ሕንፃው ያረጀ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የቆርቆሮው ጩኸት መምህሩን ያስቆመዋል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ብቻ ነው የሚያስተምረው።

መጀመሪያ የሄድኩት ሳልነግራቸው፣ ጠዋት፣ ከሥራ መልስ ነው። ርዕሰ መምህርቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ደወሉ ከተደወለ በኋላ አንድ ልጅ እየሮጠ ደረሰ። ስሙን መዝገብ ላይ ጻፉ፣ የሆነ ነገር ጠየቁት፣ ትከሻውን ነካ አድርገው ወደ ክፍል ላኩት። ከሁለት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። በሦስተኛው ጉብኝቴ ያንን መዝገብ አሳዩኝ፤ ከየስሙ ፊት ለፊት ምክንያት ተጽፏል። ሦስት ጊዜ ያረፈደ ልጅ ወላጅ ይጠራል። አንዱ ልጅ ያረፈደው ታናሽ ወንድሙን ስለሚያደርስ መሆኑ ሲታወቅ መጀመሪያ ክፍለ ጊዜው ላይ እንዳይቀጣ ተወስኗል፤ ይህም ተጽፏል።

ትምህርት የሚጀምረው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከቤታችን በልጄ እርምጃ 27 ደቂቃ ይወስዳል፤ አብረን በመግቢያውም በመውጫውም ሰዓት ሄደን ለካነው። ከድልድዩ በኋላ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል የእግረኛ መንገድ የለም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ነገር ግን 1 ሰዓት ላይ ተነሥታ ትደርሳለች፤ ማታ 4 ሰዓት ብትተኛ እንኳ ዘጠኝ ሰዓቷን ታገኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆችና ለታዳጊዎች የሚመክረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የአካል እንቅስቃሴም፣ ፈጠን ብላ ከሄደች፣ በትምህርት ቀን በደርሶ መልስ መንገዱ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

መጸዳጃ ቤቱን ልይ ስላቸው ርዕሰ መምህርቷ ራሳቸው ቀድመውኝ ሄዱ። ለ310 ሴት ተማሪዎች አሥራ አንድ የሚሠሩ በሮች፤ ለሃያ ስምንት ልጅ አንድ። ከመለኪያው ትንሽ ይጎድላል። መቀርቀሪያ አለ። ሳሙናው በገመድ ታስሯል። ጥግ ላይ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ አለ። ከጎኑ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አልጋ፣ የውኃ ባልዲ፣ የንጽህና መጠበቂያ ያለበት ቁም ሳጥንና በተለያየ ልክ የታጠፉ ሦስት የደንብ ልብስ ቀሚሶች አየሁ። ቁልፉን የያዙት የክፍል ኃላፊ መምህራን ናቸው፤ ልጅቷ ወንድ መምህር ዘንድ ሄዳ እንዳትጠይቅ ከየክፍሉ አንዲት ተማሪም የት እንዳለ ታውቃለች።

ቤተ መጻሕፍቱ እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል። ወረቀት ስለማላምን 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ክፍት ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ተቀምጠዋል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን የውሰት መዝገቡን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ጠርዙ በእጅ ላብ የጠቆረ፣ ገጹ የሞላ ደብተር ነው። ንጹሕ የውሰት መዝገብ ያለው ቤተ መጻሕፍት አይቼ ስለማውቅ ያንን ጥቁረት ወደድኩት።

አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር ልጆቹን ከሰባተኛ እስከ ስምንተኛ አብሯቸው ይዘልቃል። በየክፍለ ጊዜው መምህር በሚቀያየርበት ደረጃ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ፊቷን ያውቀዋል ማለት ነው። የኒው ዮርኩን ጥናት አስቤ ፍርሃቴን የቀነሰልኝ ይህ ነው።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ወር፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ልጄ የመጀመሪያ የወር አበባዋን ክፍል ውስጥ አየች። ይህን የምጽፈው ጠይቄያት ስለፈቀደችልኝ ነው። እኔ ነርስ ሆኜ፣ ሁሉን ነገር አስቀድሜ አስረድቻት፣ ቦርሳዋ ውስጥ የሚያስፈልጋትን አስቀምጬላት፣ ያን ቀን ግን ቦርሳ ቀይራ ነበር የሄደችው። ከወንበሯ መነሣት አቃታት። አጠገቧ ያለችው ልጅ አይታ ለክፍል ኃላፊዋ ነገረቻቸው። መምህርቷ ክፍሉን በሙሉ ለአምስት ደቂቃ ወደ ግቢ አስወጡት፤ ማንም ለምን እንደወጣ አላወቀም። ወደዚያች ጠባብ ክፍል ወሰዷት፣ ቀሚስ ሰጧት፣ እንድትታጠብ ተዉአት። በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ወንበሯ ላይ ነበረች። እኔ ስልክ የተደወለልኝ ልጄ «ለእማዬ ይነገራት» ስላለች ነው፤ መምህርቷ መጀመሪያ እሷን ጠይቀዋታል። ማታ ቤት ስገባ የታጠበው ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አገኘሁት፤ በማግስቱ ራሷ ልትመልሰው። በጎዳናው ትምህርት ቤት፣ በዚያ ሰባ አንድ ልጅ በሚሰለፍበት በር ላይ፣ ይህች ልጅ ምን ይደርስባት እንደነበር ሳስብ ዛሬም ደረቴ ይጠብባል።

ስም ማውጣትም ተከስቷል፤ የጥርሷ ነገር እዚህም ተነሥቶ ነበር። ለክፍል ኃላፊዋ በነገርኩ በሦስተኛው ቀን ስም ካወጡላት ሁለት ልጆች ወላጆች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። አልጠፋም፤ ግን ቀንሷል።

ጉድለቱን ደግሞ ሳልሸፍን ልናገር። ቤተ ሙከራው ስም ብቻ ነው። አጉሊ መነጽሮቹ የተቆለፈ ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ በመንፈቅ ዓመቱ ልጄ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለዚያውም ተራ ጠብቃ፣ የሽንኩርት ልጣጭ አይታበታለች። የቀረው ሁሉ ሰሌዳ ላይ የተሣለ ነው። «ይሰበራሉ» ይላሉ። ለሚሰበር ዕቃ ልጆቹን አላምንም ማለት ለዚህ ትምህርት ቤት ጠባይ አይመጥንም፤ ይህንንም ለርዕሰ መምህርቷ ነግሬያቸዋለሁ።

ከዚያ የባሰው የሒሳብ ነው። የሒሳብ መምህሩ በመንፈቁ አጋማሽ ለቀቁ። አምስት ሳምንት ሙሉ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ልጆቹን ዝም አሰኝተው ይጠብቁ ነበር። ለወላጅ የነገረ ሰው አልነበረም። እኔም ያወቅኩት የልጄን ደብተር ስገልጥ በሁለት ቀኖች መካከል ያሉት ገጾች ባዶ መሆናቸውን አይቼ ነው። ስጠይቃት «መምህር የለንም እኮ፣ ታውቂያለሽ ብዬ» አለችኝ። 84 የነበረው የሒሳብ ውጤቷ 61 ሆኗል። መምህር መልቀቁን አልወቅስም፤ ሰው ይለቃል። መደበቁን ነው የምወቅሰው። ስለ አንድ ያረፈደ ልጅ መዝገብ የሚጽፍ ትምህርት ቤት ስለ አምስት ሳምንት ሒሳብ አንድ ቁራጭ ወረቀት ሊልክልን ይገባ ነበር። ከስድስት ወላጆች ጋር ሆነን ያለፈው ትምህርት ቅዳሜ ጠዋት እንዲካካስ በጽሑፍ ጠይቀናል። አዲሷ መምህርት ፈቃደኛ ናቸው፤ ፈቃዱ ግን ከቢሮ አልወጣም።

ዛሬ መልሼ ብመርጥም ከድልድዩ ማዶ ያለውን እመርጣለሁ። ነገር ግን ከመመዝገቤ በፊት አንድ ጥያቄ እጨምር ነበር፦ ባለፈው ዓመት ስንት መምህራን በመካከል ለቀቁ፣ በስንት ሳምንትስ ተተኩ? የሰባተኛ ክፍል ልጅ የያዘ ወላጅ ሁሉ ይህንን በየትኛውም ትምህርት ቤት ይጠይቅ።

ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህርቷ እሄዳለሁ። የልጄን የሒሳብ ደብተር ባዶዎቹን ገጾች አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ።